ሁዋንግሻን የትኛው ነው?

ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው የቦታውን ስም ነው። ስሙን ከያዘ በኋላ ካርታ ይገልጣል፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ ቀን ይቆርጣል። እኛም በተራራውና በፍል ውሃው ስለሚታወቀው ስለ ቻይናው ሁዋንግሻን ከተማ አንድ የጉብኝት ዕቅድ ማውጣት በጀመርን ጊዜ ያደረግነው ይህንኑ ነበር፤ የተሳሳትነውም በዚሁ በመጀመሪያው እርምጃ ነው። «ሁዋንግሻን» በሚል ስም ሆቴል ፈልገን አገኘን፤ ዋጋውም ለተማሪ ኪስ የሚስማማ ሆነልን። ኋላ ካርታውን ስንመለከት ግን ሆቴሉ ከተራራው በመኪና የአንድ ሰዓት ያኽል መንገድ ርቆ ተገኘ። ያሰብነው ሁለት ሌሊት ብቻ ስለ ነበረ፣ ከዕቅዳችን ግማሹ በአውቶቡስ ላይ ሊያልቅ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመርምር። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ራሱ ተራራው ነው። ሁለተኛው በአንሁዊ ክፍለ ሀገር ደቡብ የሚገኘው ሰፊው የሁዋንግሻን ከተማ አስተዳደር ሲሆን፣ ማእከሉ ቱንሺ ይባላል፤ ከተራራው 60 ኪሎ ሜትር ያኽል ይርቃል። ሦስተኛው በዚሁ አስተዳደር ውስጥ በተራራው ሰሜን በኩል ያለ ወረዳ ነው፤ ቀድሞ ታይፒንግ ይባል ነበር። የባቡሩ ጣቢያ ደግሞ ግራ መጋባቱን ያብሰዋል። «ሁዋንግሻን ሰሜን» የሚባለው ጣቢያ ስሙን የወሰደው ከከተማው ስለሆነ፣ ለቱንሺ ሰሜን ቢሆንም ከተራራው በስተ ደቡብ ነው።

ስሙ ከየት መጣ? ሁዋንግሻን በቻይንኛ «ቢጫ ተራራ» ማለት ነው፤ ነገር ግን ድንጋዩ ግራጫ ግራናይት እንጂ ቢጫ አይደለም። ተራራው ቀድሞ ዪሻን ይባል ነበር። በ747 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሹዋንዞንግ ሁዋንግሻን ተብሎ እንዲጠራ አዘዘ። ምክንያቱም በአፈ ታሪክ «ቢጫው ንጉሥ» የሚባለው የጥንት ገዥ በዚያ ተራራ የዕድሜ መድኃኒት እንደ ቀመመ፣ በፍል ውሃውም ታጥቦ ወጣትነቱ እንደ ተመለሰለት ይነገር ስለ ነበር ነው።

ከተማው ግን ይህን ስም ያገኘው ትናንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዴንግ ሺያዎፒንግ በ1979 በ74 ዓመታቸው ተራራውን በእግራቸው ወጥተው ስፍራው ለጎብኚ እንዲደራጅ አሳሰቡ፤ በ1987 ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር በተራራው ስም ተጠራ። ከ1121 ጀምሮ የአገሩ ስም ሁዊጆው ነበር። ሁዊጆው በጨውና በሻይ ነጋዴዎቹ፣ በጽሕፈት ቀለሙና በነጭ ግድግዳ ቤቶቹ በመላው ቻይና የታወቀ ነው። «አንሁዊ» የሚለው የክፍለ ሀገሩ ስም እንኳ የተሠራው ከአንቺንግና ከሁዊጆው ከሁለቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ ነው። እንዲህ ሆኖ ክፍለ ሀገሩ የስሙን ቁራጭ ይዞ ሲቀር፣ ባለቤቱ ግን ስሙን አጣ። የቀድሞው ስም ይመለስ የሚሉ ብዙ ቻይናውያን አሉ፤ እኛም በበኩላችን እውነት ከእነርሱ ጋር ይመስለናል። ጎብኚ ለመሳብ የተለወጠ ስም ጎብኚውን ራሱን ካሳሳተ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?

አሁን ወደ ዕቅዱ እንመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1973 ጀምሮ ወደ ቻይና ይበርራል። ከሻንግሃይ በሃንግጆው በኩል ፈጣን ባቡር አለ፤ ከሃንግጆው እስከ ሁዋንግሻን ያለው መሥመር የተከፈተው በ2018 መጨረሻ ነው። ከሰሜን ጣቢያ እንደ ወረዱ ግን ቱንሺ ማደር አያስፈልግም። በአውቶቡስ ወደ ታንግኮው መሄድ ነው፤ ይህች በተራራው ደቡብ ግርጌ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የስሟ ትርጉም «የሙቅ ውሃ አፍ» ማለት ስለሆነ፣ ስም ቦታውን በትክክል የሚነግረን እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ከፍታውን አትፍሩ። ትልቁ ጫፍ ሊያንሁዋ 1,864 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች። የሚያስቸግረው ትንፋሽ ሳይሆን ጉልበት ነው፤ ከግራናይት የተጠረበው ደረጃ በአሥር ሺሕ ይቈጠራልና። ኬብል ካር የሚባለው በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ መጓጓዣ አለ፤ በእርሱ ወጥቶ በእግር መውረድ ይቀላል የሚል ቢኖር፣ ቁልቁለት ጉልበትን እንዴት እንደሚፈጅ እንጦጦ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ደግሞም ሊያንሁዋና ቲያንዱ የተባሉት ሁለት ጫፎች በየተራ ለጥቂት ዓመታት ይዘጋሉ፤ ይህም ሣሩና ዛፉ ከሰው እግር እንዲያርፍ ነው። ስለዚህ የትኛው ክፍት እንደሆነ ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም።

አንዱን ሌሊት ከላይ ማደር ይሻላል፤ የንጋቱን የደመና ባሕር ለማየት ሌላ መንገድ የለም። ከላይ ያለው ሆቴልና ምግብ ውድ ነው። ሆኖም ብዙው ዕቃ በዘንግ በሰው ትከሻ ተሸክሞ ደረጃውን እንደሚወጣ ያየ ሰው በዋጋው አያጉረመርምም። ደመናው በብዛት የሚታየው ከኅዳር እስከ ግንቦት ነው። በሰኔ ዝናቡ ይበረታል፤ መስከረም 21 ገደማ በሚውለው የቻይና ብሔራዊ በዓል ሳምንት ደግሞ መቆሚያ ቦታ አይገኝም።

ፍል ውሃው የሚፈልቀው በደቡቡ በኩል በዚዩን ጫፍ ሥር ነው፤ ሙቀቱ 42 ዲግሪ ያኽላል። ከእሳተ ገሞራ የሚመጣ አይደለም። የዝናቡ ውሃ በግራናይቱ ስንጥቅ ወደ ታች ሰርጎ በምድር ጥልቀት ሙቀት ይግላል፤ ከዚያም በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ታላቁ መንገደኛ ሹ ሺያኬ በ1616 በረዶው ገና ሳይቀልጥ በመጣ ጊዜ አስቀድሞ በዚሁ ውሃ ታጠበ፤ ከዚያም በበረዶው ላይ በበትሩ የእግር መቆሚያ እየቈፈረ ወጣ። እርሱ ከመውጣቱ በፊት ታጠበ፤ እኛ ግን ከወረድን በኋላ እንዲሆን ወስነናል፤ ጉልበታችን የእርሱን ያኽል አይደለምና።

የተሻሻለው ዕቅዳችን እንግዲህ ይህ ነው፤ አንድ ሌሊት ታንግኮው፣ አንድ ሌሊት ከተራራው ላይ፣ ወርዶ ፍል ውሃ። አንድ ሌሊት ለመጨመር ገንዘብ ከተገኘ፣ በ2000 በዩኔስኮ መዝገብ የገቡትን የሆንግጹንና የሺዲን ጥንታዊ መንደሮች ማየት ነው። በዚያ የሚታየው የነጋዴዎቹ ቤትና በየደጁ የሚያልፈው የውሃ ቦይ የሁዊጆው ነው። የቱንሺውን ሆቴል ሰርዘነዋል።