ለልብ ጤና የሚረዳውን ፖታሲየም ከደጋ ሰብሎች ስለ ማግኘት

ለሙጃና ለአካባቢው ደጋ ቀበሌዎች ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ለልማትና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

1. መግቢያ

ሙጃ በሰሜን ወሎ የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው አገር ደጋ በመሆኑ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ድንች ይበቅልበታል። ገበሬው እንደ ዝናቡ ሁኔታ በበልግም በመኸርም ያመርታል። ገንዘብ ሲያስፈልግ ግን ከገብሱ ይልቅ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ጥራጥሬ ቀድሞ ወደ ገበያ ይወጣል። በዚህ ጊዜ የቤተሰቡ ምግብ በአብዛኛው ገብስና ጨው ይሆናል።

ይህ አመጋገብ ሆድን ቢሞላም ለልብና ለደም ሥር ጤና በጣም አስፈላጊ የሆነ ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ሊያጎድል ይችላል። ፖታሲየምን ለማግኘት ከሩቅ አገር ፍራፍሬ መግዛት አያስፈልግም። ባለማሳው በእጁ አለው። ችግሩ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፖታሲየም ያለበት እህል ለቤት ሳይቀር ይሸጣል። ሁለተኛ፣ ከቅቅል ውሃ ጋር ይደፋል። ሦስተኛ፣ በጨው ብዛት ጥቅሙ ይቀንሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱም እንዴት እንደሚስተካከሉ ማስረዳት ነው።

2. ፖታሲየም በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረውና ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው ፖታሲየምና ሶዲየም በሕዋሳት ግድግዳ በኩል በመመላለሳቸው ነው። ሶዲየም የምናገኘው በዋነኛነት ከገበታ ጨው ነው። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል፤ በደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊትም ከፍ ይላል። ፖታሲየም በበኩሉ ኩላሊት ትርፉን ሶዲየም በሽንት እንዲያስወጣ ይረዳል፤ የደም ሥሮችም እንዲላሉ ያደርጋል። ስለዚህ በቂ ፖታሲየም የሚያገኝ ሰው የደም ግፊቱ ዝቅ ሊል ይችላል።

የደም ግፊት በሽታ ለብዙ ዓመታት ያለ ምንም ምልክት ይቆያል። ራስ ምታት እስኪመጣ መጠበቅ ስሕተት ነው። ጉዳቱ ሲገለጥ ግን በአንጎል የደም ሥር ምት (ስትሮክ)፣ በልብ ድካም ወይም በኩላሊት ጉዳት ይሆናል። አንድ አራሽ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ቢለው ቤተሰቡ በአንድ ቀን የጉልበቱን ምንጭ ያጣል። ሆስፒታል ሩቅ በሆነበት አገር ደግሞ አስቀድሞ መከላከል ከሁሉ ይበልጣል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። አንድ ሰው በቀን የሚወስደው ጨውም በአማካይ 8.3 ግራም ነበር።

3. በቀን ምን ያህል ያስፈልጋል?

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 3,510 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ከምግብ እንዲያገኝ፣ ጨው ግን ከ5 ግራም በታች እንዲወስድ ይመክራል። 5 ግራም ጨው ማለት አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ነው። ይህም በወጡ፣ በዳቦውና በበርበሬው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጨምራል።

የሁለቱ ሚዛን ትልቅ ነገር መሆኑን የሚያሳይ ጥናት በቻይና ገጠር በ600 መንደሮች ተካሂዷል። ወደ 21,000 የሚጠጉ፣ ቀደም ሲል የአንጎል ምት የደረሰባቸው ወይም ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ሆኖ ከፍተኛ ግፊት ያላቸው ሰዎች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ መንደሮች የተለመደውን ጨው ሲጠቀሙ፣ የቀሩት አንድ አራተኛው በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት በሁለተኛው ወገን የአንጎል ምት በ14 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ለእኛ አካባቢ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ልዩ ጨው ፈልጎ መግዛት አይደለም። ጨውን ቀንሶ፣ ፖታሲየም ያለበትን እህልና አትክልት ከፍ ማድረግ ነው።

4. በየትኞቹ ምግቦች ይገኛል?

ከዚህ በታች የተመለከተው በ100 ግራም ጥሬ ምግብ ውስጥ የሚገኘው የፖታሲየም መጠን ነው። እንደ ዝርያውና እንደ መሬቱ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል።

ደረቅ ባቄላ፦ ወደ 1,000 ሚሊ ግራም
ደረቅ አተር፦ ከ800 እስከ 950
ምስር፦ ከ700 እስከ 900
ሽንብራ፦ ከ700 እስከ 850
ተልባ፦ ወደ 800
ገብስ (ያልተፈተገ)፦ ወደ 450
ጤፍ፦ ወደ 430
ድንች፦ ወደ 420
ጎመን፦ ከ350 እስከ 450
ሙዝ፦ ወደ 360
ቲማቲም፦ ወደ 240
የላም ወተት፦ ወደ 150

ከዝርዝሩ እንደሚታየው በደጋ የሚበቅሉት ከቆላው ፍሬ አያንሱም። አንድ መካከለኛ ሙዝ 420 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል። በጡጫ መጠን ያለ፣ 150 ግራም የሚመዝን ድንች በልጣጩ ቢቀቀል ግን 570 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል። ድንች ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ አማካይነት ሲሆን ዛሬ የደጋው ሕዝብ ዋና ምግብ ለመሆን በቅቷል።

የጾም ምግብም ለዚህ ጉዳይ እጅግ ተስማሚ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ስልጆና የተልባ ወጥ ሁሉም ፖታሲየም አላቸው። ስለዚህ በጾም ወራት ሰውነት ይህን ማዕድን ያጣል ብሎ መስጋት አያስፈልግም፤ ገበታው ከእንጀራና ከበርበሬ ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ እንጂ።

5. የአንድ ቀን ምግብ ስሌት

ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚከተለው ቢቀርብ በቂ ይሆናል።

ሀ) 300 ግራም የገብስ እህል፣ በእንጀራ፣ በዳቦ፣ በቆሎ ወይም በበሶ መልክ፦ ወደ 1,200 ሚሊ ግራም
ለ) 80 ግራም የባቄላ ወይም የአተር ሽሮ፣ ይኸውም ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ዱቄት፣ በሁለት ገበታ ተከፍሎ፦ ወደ 750
ሐ) በጡጫ መጠን ያሉ ሁለት ድንቾች በልጣጫቸው ተቀቅለው፦ ወደ 1,140
መ) 150 ግራም ጎመን ውሃው ሳይደፋ የተሠራ፦ ወደ 500

ድምሩ 3,590 ሚሊ ግራም ይሆናል። አሁን ደግሞ ሽሮው፣ ድንቹና ጎመኑ ቀርተው ገብሱ ብቻ ወደ 400 ግራም ከፍ ቢል ስንት እንደሚገኝ እንመልከት። 1,600 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ከሚያስፈልገው ግማሽ እንኳ አይሞላም።

6. በማሰሮ ውስጥ እንዳይጠፋ ምን ይደረግ?

ፖታሲየም በእሳት አይቃጠልም፤ በውሃ ግን ይሟሟል። ስለዚህ የሚጠፋው ውሃው ሲደፋ ነው። ድንች ተልጦ፣ በትንንሹ ተከትፎ በብዙ ውሃ ከተቀቀለና ውሃው ከተደፋ በውስጡ ከነበረው ፖታሲየም ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አብሮ ይሄዳል። ጎመንም ተቀቅሎ ሲጨመቅ እንዲሁ ነው። ይህን ለማስቀረት፦

• ድንቹን በሚገባ አጥቦ ሙሉውን በልጣጩ መቀቀል፣ መላጥ ከተፈለገም ከበሰለ በኋላ መላጥ ይገባል።
• ድንች ለወጥ ሲሆን ተከትፎ በቀጥታ ወጡ ውስጥ እንዲበስል ማድረግ ይሻላል፤ የወጣው ፖታሲየም በመረቁ ውስጥ ይቀራልና።
• ጎመን ከታጠበ በኋላ መከተፍ፣ በጥቂት ውሃ ከድኖ ማብሰልና ሳይጨምቁ መሥራት ይመከራል። የቅቅሉ ውሃ ከተረፈ ሽሮ ይበጥበጥበት።
• የባቄላና የአተር ንፍሮ ውሃም ለሽሮ ወይም ለወጥ ይሁን።
• ገብስ ሲፈተግ ገለባው ብቻ እንዲወገድ እንጂ እስኪነጣ ድረስ እንዳይፈተግ ይጠንቀቁ።

ከዚህ ደንብ ውጪ የሆነ አንድ እህል አለ፤ እርሱም ጓያ ነው። ጓያ እግርን የሚያሰልል መርዝ ስላለው የተዘፈዘፈበትና የተቀቀለበት ውሃ መደፋት አለበት፤ ዋና ምግብ አድርጎ ለረጅም ጊዜ መመገብም አይገባም። እንዲሁም ፀሐይ መትቶት የአረንጓዴነት መልክ ያወጣ ወይም የበቀለ ድንች መርዛማ ስለሚሆን የአረንጓዴውና የቡቃያው ክፍል በጥልቀት ተቆርጦ ይጣል። ብዙው የተበላሸ ከሆነ ለምግብ አይዋል።

7. ጨውን ስለ መቀነስ

አሞሌ ከአፋር በረሃ በግመልና በአህያ እየተጫነ ይመጣ በነበረበት፣ እንደ ገንዘብም ያገለግል በነበረበት ዘመን ጨው ውድ ስለነበረ እጅ ይቆጥበው ነበር። ዛሬ ግን በየሱቁ በርካሽ ይገኛል። በብዙ ቤት ጨው ሳይታወቅ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይገባል፤ በርበሬው ሲዘጋጅ አንድ ጊዜ፣ ሽሮው ሲፈጭ ሁለተኛ ጊዜ፣ ወጡ ሲወርድ ሦስተኛ ጊዜ። ቡናም በጨው የሚጠጣበት ቤት አለ።

በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ማዘጋጀትና ጨውን በወጡ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መጨመር ቀላሉ መፍትሔ ነው። መጠኑን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ቢቀንሱት ምላስ ይለምደዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ኮሰረትና ጥቁር አዝሙድ ጣዕሙን ይጠብቃሉ። የሚገዛው ጨው ግን ምንጊዜም አዮዲን ያለበት ይሁን። አዮዲን ከእንቅርት ስለሚከላከል ጨው መቀነስ አዮዲን የሌለውን መጠቀም ማለት አይደለም።

8. ለቤት የሚቀረውን አስቀድሞ መለካት

አምስት አዋቂዎች ያሉበት ቤተሰብ በቀን ለአንድ ሰው 80 ግራም ጥራጥሬ ቢመድብ በቀን 400 ግራም፣ በዓመት ደግሞ 146 ኪሎ ግራም፣ ይኸውም አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ያስፈልገዋል። ይህ ከአውድማ ሲገባ ተለክቶ በተለየ ጎታ ቢቀመጥና የተረፈው ቢሸጥ፣ በችግር ወራት ተመልሶ በውድ ዋጋ ከመግዛት ያድናል። ድንችም ለዚሁ ቤተሰብ በቀን አንድ ኪሎ ተኩል፣ በወር 45 ኪሎ ይበቃል። ባቄላ ለቀጣዩ ገብስ ናይትሮጅን ለመሬቱ ትቶ ስለሚያልፍ በፈረቃ መዝራቱ ድርብ ጥቅም አለው። በቤት ጓሮ አንድ መደብ ጎመን ተተክሎ በእጣቢ ውሃ ቢጠጣ የበጋው ወራትም ያለ አትክልት አያልፍም።

ተክሉም ፖታሲየምን የሚያገኘው ከመሬት ነው። በሰብል ውስጥ ካለው ፖታሲየም ብዙው በአገዳውና በጭዱ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ጭዱ ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ሲሄድ ማሳው ይራቆታል። ኩበት ሲቃጠል ናይትሮጅኑ ይጠፋል፤ ፖታሲየሙ ግን በአመዱ ውስጥ ይቀራል። ፖታሲየም የሚለው ስም ራሱ በአውሮፓ ቋንቋዎች «የድስት አመድ» ከሚል ቃል የወጣ ነው። ስለዚህ የምድጃ አመድ ሳይጣል ወደ ማሳው ይመለስ። ነገር ግን ከዩሪያ ጋር አይቀላቀል፤ ናይትሮጅኑን ያባክናልና። ድንች በሚተከልበት መደብም በብዛት አይበተን፤ የድንች እከክ ያበረታታል። ለገብስና ለጎመን ማሳ ግን ተስማሚ ነው።

9. ጥንቃቄ

ፖታሲየም ለጤነኛ ሰው ከምግብ ሲገኝ አይጎዳም፤ ኩላሊት ትርፉን ያስወጣዋል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ፖታሲየም በደሙ ተጠራቅሞ የልብ ምቱን ሊያዛባና ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የኩላሊት ሕመምተኞች፣ እንዲሁም ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የተባሉትን መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች አመጋገባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። ፖታሲየም የተጨመረበት ጨውም ለእነርሱ አይፈቀድም። የፖታሲየም እንክብል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማንም አይውሰድ።

የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግቡን ስላስተካከለ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም። ማንኛውም አዋቂ ሰው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱን ቢያስለካ መልካም ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ያስፈልገዋል።

10. ማጠቃለያ

ለልብ ጤና የሚያስፈልገው ፖታሲየም በደጋው ማሳና ጓሮ ይገኛል። ጥራጥሬው ከመሸጡ በፊት ለቤት ይለካ፤ ድንቹ በልጣጩ ይቀቀል፤ የጎመኑ ውሃ አይደፋ፤ ጨው አንድ ጊዜ ብቻ ይጨመር፤ አመዱ ወደ ማሳው ይመለስ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1) ባለፈው ዓመት ከቤታችሁ ምርት ምን ያህል ባቄላና አተር ለቀለብ ቀረ? ለአንድ ሰው በቀን ቢካፈል ስንት ግራም ይደርሳል?
2) በቤታችሁ ወጥ እስኪወርድ ድረስ ጨው ስንት ጊዜ ይገባል?
3) የድንችና የጎመን ቅቅል ውሃ ለምን ይደፋል? ለምን ሥራስ ሊውል ይችላል?
4) ከቤተሰቡ መካከል ግፊቱን ተለክቶ የማያውቅ ማን አለ?