የሰሊጥ አዘራርና የበሽታ መከላከል በሠፈራ ቀበሌዎች

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም ከደጋና ከወይና ደጋ ተነሥተው ወደ መተማና ቋራ ቆላ ከወረዱት ገበሬዎች ብዙዎቹ ከጤፍና ከገብስ ጋር የኖሩ እንጂ ሰሊጥ ዘርተው የማያውቁ ነበሩ። ሠፋሪው ከዕርዳታ እህል ተላቆ ራሱን እንዲችል ገንዘብ የሚያስገኝለት ዋነኛው የአካባቢው ሰብል ግን ሰሊጥ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ዓመት አዝመራ ከከሸፈ የዕርዳታው ዘመን መራዘሙ የማይቀር ነው።

የጤፍ ልማድ እዚህ ላይ ያሳስታል። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን በከብት አስረግጦ ዘሩን በላዩ ይበትናል። ሰሊጥም ዘሩ ደቃቅ በመሆኑ ይኸው የሚበጀው ይመስላል። ነገር ግን የተረገጠ ዋልካ መሬት ውሃ ያቁራል፤ ሰሊጥ ደግሞ ሥሩ ላይ ውሃ ሲተኛበት ፈጥኖ የሚጠወልግ ተክል ነው። ስለዚህ መሬቱ ለስልሶና የውሃ መውረጃ ቦይ ተበጅቶለት፣ ዘሩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሊለብስ ይገባዋል።

በመስመሮች መካከል 40፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ተጠብቆ ሲዘራ በአንድ ሄክታር 250,000 ተክል ይበቅላል። የአንድ ሺህ ዘር ክብደት 3 ግራም ገደማ በመሆኑ አንድ ኪሎ ከ300,000 በላይ ዘር ይይዛል። እንግዲህ ሳይበቅል የሚቀረው ቢታሰብ እንኳ ጥቂት ኪሎ ይበቃል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በመስመር መዝራት ጉልበት ይጠይቃል፤ ሁለት ሠራተኛ ብቻ ያለውን ቤተሰብ በዚህ ማስገደድ የዘሩን ጊዜ ማሳለፍ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ቤተሰብ ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ መበተንና የበዛውን ቡቃያ በመጀመሪያው አረም ማሳሳት ይሻለዋል። ይህም አረም ከአራት ሳምንት ማለፍ የለበትም፤ ሰሊጥ በለጋነቱ እድገቱ አዝጋሚ ስለሆነ በአረም ይዋጣል።

ችላ የሚባለው ነገር በሽታው ነው። በባክቴሪያ የሚመጣው የቅጠል አድርቅ በሽታ በቅጠሉ ላይ በጅማቶቹ የተከለሉ ማዕዘናማ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ያወጣል፤ ሲበረታ ቅጠሉን ያረግፋል፣ ግንዱንም ያጠቁራል። ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው የዝናብ ፍንጣቂ በመሆኑ ተጠጋግቶ በበቀለና ውሃ በተኛበት ማሳ ይበረታል። ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገረው ግን በማሳው በቀረ ግርድና በዘሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለሠፋሪዎች የሚታደለው ዘር በሽታ ከገባበት ማሳ የተሰበሰበ ከሆነ አዳዩ ራሱ በሽታውን ወደ አዲስ መሬት ያስገባል። ሰሊጥን በሰሊጥ ላይ ከመደጋገም በማሽላ ማፈራረቅም የግርዱን ጉዳት ይቀንሳል።

አበባውን ወደ አረንጓዴ የቅጠል ጭፍግ የሚለውጠው ፊሎዲ የተባለው በሽታ ከዚህ ይለያል። የሚያስተላልፉት ጭማቂ የሚመጡ ትናንሽ ዘላይ ነፍሳት ናቸው። የታመመው ተክል ዘር ስለማይሰጥ ገና እንደታየ ተነቅሎ መቃጠል አለበት።

የዘር ምርጫ ከመውቃት በኋላ ሊደረግ አይችልም፤ የታመመ ዘር ከጤነኛው በዓይን አይለይምና። የልማት ሠራተኛው በነሐሴና በመስከረም፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ፣ በማሳው ተዘዋውሮ ንጹሑን ክፍል በምልክት መከለል፣ አጨዳውም ሲደርስ የዚያ ክፍል ነዶ ለብቻው ቆሞ ለብቻው እንዲወቃ ማድረግ ይኖርበታል።