ለቫዮሊንህ ክር ስትመርጥ

ልጄ፣ የክሩ ዓይነት ብዙ ነው፤ ዋጋውም ኪስ ያራቁታል። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ይህችን ምክር ስማኝ።

1. መጀመሪያ የቫዮሊንህን ጠባይ እወቅ። ጣትህን ሳታሳርፍ በአራቱም ክሮች ላይ ቀስቱን በረጅሙ እየሳብህ አዳምጥ። ድምፁ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ለስለስ ያለ ክር ፈልግለት፤ የታፈነ ከሆነ ደግሞ ጥርት ያለውን። ጓደኛህ ቫዮሊን ላይ ያማረው ክር ያንተ ላይ ላያምር ይችላል።

2. ሰው ሠራሹ ክር ለምን እንደመጣ እወቅ። የበገና ክር ከበግ አንጀት እንደሚሠራ ታውቃለህ፤ የቫዮሊንም ለዘመናት እንዲሁ ነበር። ድምፁ ግሩም ነው፤ ነገር ግን የአየሩ እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር ቅኝቱ ይፈርሳል። የብረት ክር ቅኝቱን ይይዛል፤ ድምፁ ግን ይሳሳል። ሁለቱን ለማስታረቅ በ1970 እ.ኤ.አ. የቪየናው ክር ሠሪ ኩባንያ ቶማስቲክ ኢንፌልድ ውስጡ ፐርሎን የተባለ የናይለን ዓይነት የሆነ፣ ላዩ በብረት የተጠመጠመ «ዶሚናንት» የተባለ ክር አወጣ። ከእሱ ብትጀምር ሌላውን የምታመዛዝንበት መለኪያ ይኖርሃል።

3. መካከለኛ ውጥረት ያለውን ያዝ። «ጠንካራው ድምፅ ይጨምራል» ሲሉህ አትቸኩል፤ አንዳንዱን ቫዮሊን ያፍነዋል፣ ጣትንም ያደክማል።

4. ቀጭኗን ክር፣ ኢን፣ ለብቻዋ ምረጣት። ሌሎቹ ሰው ሠራሽ ቢሆኑም እሷ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ናት። ካፏጨችብህ እሷን ብቻ ለውጥ። ጫፏ ቀለበት ይሁን ድብልብል፣ የቫዮሊንህን ማሰሪያ አይተህ ግዛ።

5. አንድ በአንድ ቀይር። አራቱንም በአንዴ ከፈታህ ብሪጁ ይወድቃል፤ ውስጥ ያለችው ደጋፊ እንጨትም ልትከተለው ትችላለች። ክሩ የሚያርፍበትን ስንጥቅ በእርሳስ ቀባ ቀባ አድርገው። ስታጠብቅ ብሪጁ ወደ መቃኛዎቹ ያዘነብላልና በጎን በኩል እያየህ በሁለት እጅህ ቀስ ብለህ አቅናው።

6. ታገሥ። አዲስ ክር የመጀመሪያዎቹን ቀናት እየተለጠጠ ከቅኝት ይወጣል፣ ድምፁም ይሻክራል። ሳምንት ሳይሞላው አትፍረድበት፤ በፈተና ዋዜማም አትቀይር።

7. ተጫውተህ ስትጨርስ ክሩ ላይ የቀረውን ሮዚን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ያረጀ ክር እስኪበጠስ አትጠብቅ፤ ድምፁ ከደበዘዘ፣ ቅኝቱም አልይዝ ካለ ጊዜው አልፏል።

8. በሁለት ክሮች መካከል ካመነታህ ርካሹን ግዛ፤ በተረፈህ ገንዘብ የቀስትህን ፀጉር አስቀይር። ፀጉሩ ካለቀ ውዱም ክር አያወጣህም።