የቤት ፋየርዎል ስንሠራ የዋይፋይ ካርዱን አስቀድመን እንፈትሽ

በጋራ ለተከራያችሁት ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፒኤፍሴንስ ወይም ኦፒኤንሴንስ ጭኖ ፋየርዎል ራውተር መሥራት ኔትወርክን በተግባር ለመማር ጥሩ መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚሰናከለውና ገንዘብ የሚባክነው ግን በዋይፋይ ካርዱ ነው።

አንድ ካርድ ዋይፋይ መቀበሉ ሌላ፣ ራሱ ዋይፋይ ማሠራጨቱ ሌላ ነው። ሁለቱም ሲስተሞች የቆሙት በፍሪቢኤስዲ ላይ ነው። እዚያ ላይ ብዙዎቹ የኢንቴል ካርዶች ይቀበላሉ እንጂ አያሠራጩም። እንደ ኤአር9280 ያሉ የቆዩ የአቴሮስ ካርዶች ያሠራጫሉ፤ ፍጥነታቸው ግን ከዋይፋይ 4 አያልፍም።

ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ፦

1. ማስገቢያው፦ ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው ወይስ ኤም.2? ሲኤንቪአይ የሚባሉት የኢንቴል ካርዶች የሚሠሩት እነሱን በሚደግፍ የኢንቴል ቦርድ ላይ ብቻ ነው።

2. ባዮሱ፦ አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች አምራቹ ያልፈቀደው ካርድ ከተገጠመባቸው አይነሡም።

3. ድራይቨሩ፦ በፍሪቢኤስዲ ሰነድ ላይ ካርዱ «ሆስትኤፒ» የተባለውን የማሠራጫ ሁነታ እንደሚደግፍ ተጽፏል?

ከሁሉ የሚቀለው ግን ካርዱን ትቶ ቤት ያለውን አሮጌ ራውተር ማሠራጫ ማድረግ ነው። ዲኤችሲፒውን አጥፉ። አድራሻውን በፋየርዎሉ ኔትወርክ ውስጥ፣ ማንም ያልያዘው ቁጥር አድርጉ። ከፋየርዎሉ የሚመጣውን ገመድ በዋን ሳይሆን በላን ቀዳዳ ሰኩ። በዚህ መንገድ ፋየርዎሉ የጥበቃውን፣ ራውተሩ የማሠራጨቱን ሥራ ይዞ፣ አዲስ ካርድ ሳትገዙ ቤቱ ዋይፋይ ያገኛል።