ሥር የሰደደ ሕመምና የቤተሰብ ኑሮ፤ የሰበካው ድርሻ

ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም በሕክምናው አነጋገር ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። ከዚህ ወገን በስፋቱ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ የወገብ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ብቻ 619 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው። ሕመሙ በድንገት ስለማይገድል ብዙ ትኩረት አይሰጠውም። በቆቦና በራያ ቆላ ግን ማሽላና ጤፍ የሚታረሱት፣ የሚታረሙትና የሚታጨዱት በሰው ጉልበት ስለሆነ፣ ወገብ ሲታመም የሚታመመው ጎተራው ጭምር ነው።

ቅዱስ ወንጌል የዚህን ሸክም ሁለት ገጽታ ያሳየናል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈላት፣ ለ12 ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ሀብቷን በሕክምና ጨርሳለች። በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ የምናስበው መጻጉዕ ደግሞ ለ38 ዓመት ያጣው የሚያግዘውን ሰው ነበር። ሕመም ገንዘብንም ሰውንም ያሳጣል።

1. የገንዘቡ ወጪ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ የሕክምናው ወጪ ይቀልለታል። ሆኖም መድኑ ለመጓጓዣ፣ ለማደሪያና ለአስታማሚ ቀለብ አይከፍልም። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሪፈር ወደ ደሴ ከሆነ ደግሞ መንገዱም ወጪውም ይበዛል። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ በርካታ የጤና ተቋማት በጦርነቱ መዘረፋቸውና መውደማቸው ይህን ሸክም አክብዶታል። ስለዚህ ብዙዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማስታገሻ እየገዙ ይውጣሉ። እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራንና ኩላሊትን ስለሚጎዱ፣ በጥቂት ብር የተገዛው እፎይታ ሌላ ሕመም ያመጣል።

2. የጉልበቱ ወጪ

ትልቁ ኪሳራ ግን በደረሰኝ የማይታየው ነው። ወንፈል ውለታ የሚመለስበት ሥርዓት በመሆኑ፣ ጉልበቱን መመለስ ያልቻለ ሰው ቀስ በቀስ ከወንፈሉ ይወጣል። ከዚያም መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ለምሳሌ 10 ኩንታል ማሽላ ከሚያፈራ ማሳ ለቤቱ የሚደርሰው 5 ኩንታል ብቻ ይሆናል። የታመመችው እናት ከሆነች ውኃ የምትቀዳውና እንጨት የምትለቅመው ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። እድሩ ወይም ቅሬው ለቀብር ፈጥኖ ይደርሳል፤ በሕይወት ሳለ ቤቱ ለሚፈርስበት ሕመምተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተደራጀ ደራሽ የለውም።

3. ሰበካው ምን ያድርግ?

አጥቢያዎቻችን ገንዘብ ቢያጥራቸውም ሰው አላቸው። ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

ሀ. በማረሚያና በአጨዳ ወቅት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ውለታ ሳይጠብቁ፣ ሃይማኖትም ሳይለዩ የሕመምተኞችን ማሳ በደቦ ያግዙ።

ለ. በሕመም ምክንያት መሥራት የማይችል የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ከማኅበረሰብ ሥራ ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዛወር ኮሚቴው ለቀበሌው ያሳውቅ። የመድን መዋጮ መክፈል የማይችል ድኻም በመንግሥት ድጎማ እንዲታቀፍ ያመልክት።

ሐ. ካህናት አባቶች የንስሐ ልጆቻቸውን ጸበልና ሕክምና እንደማይጋጩ ያስተምሩ፤ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ይመክራል። የወገብ ሕመም ከእግር መዛል፣ ሽንትን መቆጣጠር ካለመቻል፣ ከትኩሳት ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ሌላ ከባድ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም መሄድ አይዘገይ።

መ. የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ትምህርትንና የአካል እንቅስቃሴን ይመክራል፤ የወገብ ቀበቶን ግን በመደበኛ ሕክምናነት አይደግፍም። ስለዚህ ሕመምተኛውን «ተኝተህ ዕረፍ» ብሎ ከመተው፣ የሚችለውን ቀላል ሥራ እየሰጡ ከማኅበሩ እንዳይለይ ማድረግ ይገባል።

ለውይይት

በአጥቢያችን በሕመም ምክንያት መሬታቸውን ለእኩል የሰጡ ቤተሰቦች እነማን ናቸው? ከትምህርት የቀረ ልጅስ በየትኛው ቤት አለ? በመጪው አጨዳ የማንን ማሳ አስቀድመን እንደርሳለን?