ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

በአገራችን ገጠር አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል ተመድቧል። ወንዝና ገደል ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ አልገቡም። ስለዚህ እኛ የምናሰላው በሰዓት ነው። ምጥ የያዛት ሴት፣ በክረምት ወንዙ ሞልቶ፣ በቃሬዛ ስንት ሰዓት ትጓዛለች?

ጤና ኬላ ክትባት ይሰጣል፣ ወባ ይመረምራል። ማዋለድ በአብዛኛው የጤና ጣቢያ ሥራ ነው፤ በቀዶ ጥገና የሚወለድ ከሆነ ደግሞ ሆስፒታል ድረስ ያስኬዳል። ታዲያ ቤቷ ሩቅ የሆነ እርጉዝ ለምን ምጡን ትጠብቃለች? ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት አላቸው። ቀኗ ሲቃረብ ሄዳ እዚያው ትሰንብት።

«ቤቱን ማን ይይዘዋል?» ትሉን ይሆናል። ባልየው ይያዘው እንጂ! እንጀራ መጋገር ቢያቅተው ጎረቤት አለ።