ሁለቱ አክሊላት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው፤ ልጆቼን አሳድጌ ድሬያለሁ። አሁን የማታ ትምህርት ልጀምር ብነሣ፣ ጡረታ የወጡት ባለቤቴ «በስተርጅና ምን ያንከራትትሻል? የቤቱ ራስ እኔ ነኝ» ብለው ከለከሉኝ። ግዴታዬ ከነፃነቴ ይበልጣልን?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እመቤቴ ሆይ፣ ባለቤትዎ የጠቀሱት ሥልጣን ከምናባቸው የፈለቀ አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበርና። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን ሥርዓት ሽሮ፣ ቤተሰብን በመምራት ረገድ ሁለቱን እኩል አደረገ፤ መከባበርንና መደጋገፍንም በሁለቱም ጫንቃ ላይ ጣለ። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን በሥርዓተ ተክሊል አክሊሉን በሙሽራው ራስ ላይ ብቻ ደፍታ ሙሽሪትን ባዶ ራሷን አትሸኛትም፤ ሁለቱንም ታቀዳጃለች እንጂ።

ይሁን እንጂ ከሙግት አስቀድሞ የቁጣቸውን ሥር ይመርምሩ፤ ዘመናቸውን በሥራ የፈጸሙ ሰው፣ በመሸ ጊዜ ከመሶቡ ፊት ብቻቸውን ተቀምጠው የቀዘቀዘ ወጥ ሲያጠቅሱ ታይቷቸው ፈርተው ይሆናልና። ስለዚህ ራቱን አብረው ቀድመው ይብሉ፤ ደብተርዎንም ይዘው ይውጡ፤ ሲመለሱ የተማሩትን ያንብቡላቸው።